ፎርሙን ማን ይሙላው?

አዲስ አበባ ያላችሁ ጓደኞቻችን ስለ አሜሪካ ሕክምና በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላችሁ። «እዚያ አገር ገንዘብ ከሌለህ አለቀልህ አይደል?» ትሉናላችሁ። መልሳችን አዎም አይደለምም ነው። ለአዋቂው አዎ የሚያሰኝ ብዙ ነገር አለ። ለሕፃናት ግን፣ በወረቀት ላይ ከሆነ፣ አገሩ እንደሚወራበት ክፉ አይደለም። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሜዲኬይድ የሚባል ለደሃ የተቋቋመ የመንግሥት የጤና መድን አለ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ሁለት ካላንደር ይዞ መኖር የሚያመጣውን ጣጣ ወደ ኋላ እናነሳዋለን።) በ1997 ደግሞ ዴሞክራቱ ኬኔዲና ሪፐብሊካኑ ሃች በሴኔት አብረው የገፉት ቺፕ የሚባል የሕፃናት መድን ተጨመረ። ይህኛው ሜዲኬይድ ለማግኘት ገቢያቸው ትንሽ በዝቶ፣ የግል ኢንሹራንስ ለመግዛት ደግሞ ኪሳቸው ለሚያጥር ቤተሰቦች ልጆች የታሰበ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከ35 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ይሸፍናሉ።

«በወረቀት ላይ ከሆነ» ያልነው ለቃል ማሳመሪያ አይደለም። ችግሩ ራሱ ወረቀቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ምንም መድን የላቸውም። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜዲኬይድ ወይም ቺፕ የሚገባቸው ናቸው። ሕጉ ይገባቸዋል ብሏል፤ ሐኪሙም አለ። በሕፃኑና በሐኪሙ መካከል የቆመው ፎርም ነው።

ይህን የምንጽፈው ገና ልጆች ሳለን የፎርም ሠራተኛ የነበርን ነን። ያደግነው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማዎች ውስጥ ነው። አባቶቻችን ታክሲ ይነዳሉ ወይም ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ እናቶቻችን ሆቴል ያጸዳሉ ወይም አረጋውያን ይንከባከባሉ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፖስታ ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ «ና እስቲ ይቺን አንብብልኝ!»። ኳስ ይቋረጣል፣ ካርቱን ይጠፋል። ከመካከላችን አንዱ በ11 ዓመቱ «የታክስ ጥገኛ» ማለት ምን እንደሆነ ለአባቱ ሲያስረዳ፣ «ማነው ጥገኛ? እኔ በማንም አልተጠጋሁም!» የሚል ቁጣ ወርዶበታል። ሌላዋ በስልክ እየተረጎመች የእናቷን ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ ዕዳና የማህፀን ሕመም ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ሰምታለች። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንብ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የጤና አገልግሎት ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ እንደማይችል ይናገራል። ደንቡ ሲወጣ እኛ ዕድሜያችን አልፎ ነበር። ሙያውን ለታናናሾቻችን አውርሰናል።

ቋንቋው እንኳ ቀላሉ ክፍል ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በዚህ እንኮራለን። ፎርሙ በአማርኛ ቢጻፍ ግን ሰውየውን የሚያይበት ዓይን አሜሪካዊ ነው። ለምሳሌ ስማችን። ልጁ የአባቱን ስም ይዟል፣ አባት የአያትን፣ እናት የራሷን አባት። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ይቀርባሉ። ከፎርሙ ማዶ ያለችው ሠራተኛ አንዱን አይታ ሌላውን አይታ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ትላለች። በክፋት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚጠይቃት።

ከዚያ ደግሞ የፊደሉ ጣጣ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በፈረንጅ ፊደል ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ እንደሚቻል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ሌላ፣ ቀጣሪው ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ይገኛል። ሰው ቢያየው አንድ ሴት መሆኗን ወዲያው ያውቃል። ማሽን ግን አንድ ፊደል ከጎደለ «አልተገኘችም» ነው። የልደት ቀኑም እንዲሁ፤ ከአገር ቤት የመጣው የልደት ሰርተፊኬት ላይ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ዓመት ሳይቀየር ከተመዘገበ፣ ሕፃኑ በአንድ ቀን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ባይረጋገጥ ጊዜ «ተጨማሪ ማስረጃ ይላኩ» የሚል ፖስታ ይመጣል። ፖስታው ቀነ ገደብ አለው፤ የተላከው ደግሞ ባለፈው ዓመት ወደ ለቀቅነው ቤት ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ዝም ብሎ ለሁሉም ይታደል ነው የምትሉት? ማጭበርበርስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ሲሰጥ ማጣራት አለበት፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት እናታችን ስንት እንደምታገኝ ያውቃል። ቀጣሪዋ በየሩብ ዓመቱ ደመወዟን ለግዛቱ ሪፖርት ያደርጋል፤ ታክስ ከፍላለች፤ ፉድ ስታምፕ ከወሰደች ደግሞ ያ ቢሮ ገቢዋን እስከ ሳንቲሟ መርምሯል። ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር መልሶ ወረቀት አምጪ የሚላት ለምንድን ነው? ደግሞስ አጭበርባሪ የሚባለው ሰው ፎርም መሙላት የሚያቅተው መሰላችሁ? ፎርም ላይ ጎበዝ እሱ ነው። በፎርም የሚወድቀው ሁለት ፈረቃ የሚሠራው፣ ቤት የሚቀያይረው፣ የስልኩ ካርድ የሚያልቅበት ነው።

ይህ ግምታችን አይደለም፤ የተሞከረ ነገር ነው። በ2003 የዋሽንግተን ግዛት (ሲያትል ያለችበት እንጂ ዋና ከተማዋ አይደለችም) ወጪ ለመቀነስ ብሎ የሕፃናቱን መድን በዓመት አንዴ ማደሱን ትቶ በየስድስት ወሩ አደረገው። የገቢውን ጣሪያ አልነካም።  ሆኖም ከ30,000 በላይ ሕፃናት ከመዝገቡ ጠፉ። በ2005 ወደ አንድ ዓመት ሲመለስ ሕፃናቱም ተመለሱ።

በተቃራኒው ደግሞ ሉዊዚያናን እዩ። ደሃ ግዛት ናት፤ ለዘብተኛ ፖለቲካ አላት ተብላም አትታማም። ኮንግረስ በ2009 ባወጣው ሕግ ግዛቶች ሌላ መሥሪያ ቤት ያጣራውን ገቢ እንዳለ እንዲቀበሉ ፈቀደ። ሉዊዚያና በ2010 መጀመሪያ የፉድ ስታምፕ መዝገቧን ከፍታ፣ መድን የሌላቸውን ሕፃናት ለየች፤ ለቤተሰቦቻቸውም ካርዱን በፖስታ ላከችላቸው። ፎርም የለ፣ ቀጠሮ የለ። ወላጅ ካርዱን ሐኪም ቤት ይዞ ከሄደ ፈቃዱን እንደሰጠ ተቆጠረ። በአንድ ጊዜ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ገቡ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቆየት ብሎ አሠራሩ ተቀየረና ወላጆች በፉድ ስታምፕ ፎርሙ ላይ አንዲት ሳጥን ውስጥ ምልክት እንዲያደርጉ ተጠየቁ። አንዲት ሳጥን! በዚህ መንገድ የሚገቡት ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ።

ይህን ስናነብ ለረጅም ጊዜ ቆመን ነበር። ወላጆች ልጃቸው እንዲታከም አይፈልጉም እንዴ? ይፈልጋሉ እንጂ። ግን ከሠላሳ ጥያቄ መካከል አንዲት ሳጥን፣ በሌላ ቋንቋ፣ ከሥራ መልስ በሌሊት። የእኛ ወላጆች ደግሞ በመንግሥት ወረቀት ላይ ያልተረዱትን ሳጥን ምልክት ላለማድረግ ከአገር ቤት ጀምሮ የሠለጠኑ ናቸው። በቀበሌ ዘመን ያደገ ሰው ባልገባው ነገር ላይ አይፈርምም።

ሳጥን ሁሉ መጥፎ ነው ግን አላልንም። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ በግዛቱ የታክስ ፎርም ላይ «መድን የለኝም፤ መረጃዬን ለመድን መዝጋቢው ስጡልኝ» የምትል ምልክት ማድረጊያ አስገብታለች። ታክስ የሚሠራልን ሰው ዘንድ ተቀምጠን ነው የምትሞላው፤ እሱ በአማርኛ ይጠይቀናል፣ እኛ «አዎ» እንላለን፣ አለቀ። ሰው ወደሚሄድበት ቦታ ፎርሙን መላክ ማለት ይህ ነው። የእኛ ሰው መድን ፈልጎ ቢሮ ባይሄድ ታክስ ለማሠራት ግን መሄዱ አይቀርም፤ የሚመለስለት ገንዘብ አለና።

አሁን ወደሚያናድደው እንምጣ። ኮሮና ሲመጣ ኮንግረስ በመጋቢት 2020 አንድ ነገር ወሰነ፤ ወረርሽኙ እስካለ ድረስ ማንም ከሜዲኬይድ አይወጣም፣ የእድሳት ፎርም አልላካችሁም ብላችሁ አታባርሩ አለ። ሦስት ዓመት ፖስታ ቀረ። ብዙዎቻችን ያ ጊዜ ክፉ እንደነበር ብናውቅም፣ የእናቶቻችን የወረቀት ማህደር ሳይከፈት የኖረበት ዘመን እሱ ነው። ከዚያ በመጋቢት 31 ቀን 2023 አበቃ፤ ግዛቶችም የሁሉንም ሰው መዝገብ እንደገና ማየት ጀመሩ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመድኑ ወጣ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የወጡት ገቢያቸው በዝቶ መሆኑ ተረጋግጦ አልነበረም፤ ፎርሙ ስላልተመለሰ፣ ፖስታው ስላልደረሰ፣ አንድ ወረቀት ስለጎደለ ነው። ፈረንጆቹ ይህን «የአሠራር ምክንያት» ይሉታል።

ከመካከላችን የአንዷ ታናሽ ወንድም አስም አለበት። በዚያ ዓመት በጋ ፋርማሲ ሄዳ ኢንሄለሩን ስትጠይቅ ካርዱ አይሠራም ተባለች። «ስህተት ይሆናል፣ እንደገና ሞክረው» አለች፤ ሞከረው፣ አይሠራም። በጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ስትጠይቅ የተነገራት ዋጋ እናቷ ሁለት ቀን ሆቴል አጽድታ የምታገኘውን የሚበልጥ ነው። የዚያን ሰሞን ልጁ የቀረውን መድኃኒት እየቆጠረ ይወስድ ጀመር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንፋሽ ሲቆጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአሥር ቀን በኋላ ሌሊት ኢመርጀንሲ ገቡ።

ምን ሆኖ ነው? የእናትየው ሥራ ሰዓት ጨምሮ ገቢዋ ከወላጅ ጣሪያ አልፎ ሊሆን ይችላል ተብሎ ፎርም ተላከላት፤ ፎርሙ አልደረሳትም፤ ኮምፒውተሩ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ላይ ዘጋው። ልብ በሉ፣ የልጅና የወላጅ ጣሪያ አንድ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አዋቂ ሜዲኬይድ ለማግኘት ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት ወለል 138 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ልጁ ግን እስከ 322 በመቶ ድረስ ይገባል። በዲሲ ለልጅ 324 ነው። ድልድዩን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ 205 ይሆናል (ወንዙ አንድ፣ ሳል አንድ፣ ጣሪያው ሌላ)። ስለዚህ እናት ብትወጣ እንኳ ልጅ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

በነሐሴ 2023 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነገሩን ደረሰበት፤ 30 የሚሆኑ ግዛቶች ኮምፒውተራቸው እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን በጅምላ እያየ ኖሯል። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ መድናቸው እንዲመለስ ተደረገ። የልጁም ተመለሰ። የኢመርጀንሲው ዕዳ ግን እስኪሰረዝ ድረስ ሌላ አራት ፖስታ፣ ሌላ ሦስት ስልክ፣ በእያንዳንዱ ስልክ ደግሞ ግማሽ ሰዓት የሚያህል ሙዚቃ ወስዷል። ዜማውን ዛሬም በፉጨት እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲህ ጥሩም መጥፎም መጥቷል። ከጥር 2024 ጀምሮ በሁሉም ግዛቶች አንድ ሕፃን አንዴ ከገባ የቤተሰቡ ገቢ ከፍና ዝቅ ቢልም ለ12 ወር ይቆያል። ኡበር ለሚነዳ አባት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የታኅሣሥ ገቢው ከየካቲቱ ጋር ተመሳስሎ አያውቅምና። ኦሪገንማ ሕፃኑ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ምንም እድሳት እንዳይኖር አደረገች። በሐምሌ 2025 ግን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ያለውን የብዙ ዓመት ፈቃድ እንደማያድስ አስታወቀ። በዚያው ወር በ4ኛው ቀን የተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ደግሞ መዝገቡን ለማቃለል በ2024 የወጣውን ደንብ በርካታ ክፍሎች እስከ 2034 ድረስ አገደ። ከ2026 መጨረሻ በኋላ ደግሞ በተስፋፋው ሜዲኬይድ ውስጥ ያሉ አዋቂዎች በየስድስት ወሩ እንዲያድሱ፣ ከ2027 መጀመሪያ አንስቶም ብዙዎቹ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስመዘግቡ ደነገገ። ዕድሜው 13 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያለው ወላጅ ከሥራ ማስረጃው ነፃ ነው። ነፃ መሆኑን የሚያስረዳበት ወረቀት ግን... ገብቷችኋል።

«ይህ ስለ አዋቂ ነው፣ ልጆቹን ምን አገባቸው?» ለሚል፣ ከላይ ያለውን የኢንሄለር ታሪክ እንደገና ያንብብ። የእናት ፖስታና የልጅ ፖስታ በአንድ ሳጥን ነው የሚገባው። የዋሽንግተን ግዛት በ2003 ያየውን በየስድስት ወሩ የማደስ ውጤት የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ገንዘብ የሚቆጥበው በማን ጀርባ እንደሆነ አይጠፋውም። ወረቀት ሲበዛ ገንዘብ የሚተርፈው ሰው ስለሚጠፋ ነው። መቀነስ ከተፈለገ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎ በግልጽ መከራከር ይቻል ነበር፤ ያኔ ቢያንስ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል። ፎርም ግን ጥፋቱን ሁልጊዜ በሞላው ሰው ላይ ያደርጋል።

በእኛ ሰው ላይ ደግሞ ከወረቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው ወሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ ቡና ላይም የሚነገሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ዲቪ የመጣ ሰው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት» የሚለው ነው። ለአዋቂው በአብዛኛው እውነት ነው፤ የ1996ቱ ሕግ እንዲያ ይላል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ግን ግዛቶች ይህን ጥበቃ እንዲያነሱ ከ2009 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም አንስተውታል። ከቦሌ ተሳፍሮ ባለፈው ሳምንት ደለስ ያረፈ ግሪን ካርድ ያለው ሕፃን ገቢው ከፈቀደ ዛሬውኑ ማመልከት ይችላል። ስንት ልጅ አምስቱን ዓመት በሐሰት ወሬ እንደጠበቀ ስናስብ ያመናል።

ሁለተኛው ወሬ «ሜዲኬይድ የወሰደ ግሪን ካርድ ይከለከላል» የሚለው ነው። ይህ ከምንም ተነሥቶ አይደለም። በ2019 የወጣው ደንብ ሜዲኬይድን ከሚቆጠሩት ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ሕፃናትን ባይቆጥርም ፍርሃቱ ማንንም አልለየም። ያ ደንብ በ2021 ቀረ፤ በ2022 የወጣው ደግሞ ከረጅም ጊዜ የተቋም እንክብካቤ በቀር ሜዲኬይድንም ቺፕንም አይቆጥርም። በኅዳር 2025 ይህንኑ ደንብ ለመሻር ሐሳብ ቀርቧል፤ ስለዚህ የግሪን ካርድ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ከጎረቤት ሳይሆን ከጠበቃ ይጠይቅ። በዚያው ዓመት የሜዲኬይድ መረጃ ለኢሚግሬሽን ክፍሉ ተላልፎ መሰጠቱ ሲሰማ የብዙ ሰው ልብ ተሰብሯል፤ በፍርሃታቸው አንስቅም። ዜግነት ለማግኘት የሚያመለክት ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በዚህ ጥያቄ አይመዘንም። በአሜሪካ የተወለደ ልጅ ደግሞ ዜጋ ነው፤ ካርዱ የራሱ ነው።

ማመልከቻው ቀነ ገደብ የለውም፤ ሜዲኬይድና ቺፕ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ይመዘገባሉ። ቤት የቀየራችሁ እንደሆነ ከሁሉም በፊት አድራሻውን አስቀይሩ። እምቢ የሚል ደብዳቤ ከመጣ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ስትደውሉ የሚያነሳው ሰው በእንግሊዝኛ ቢጀምር «አምሃሪክ» ብቻ በሉና ጠብቁ። ሙዚቃው ይጀምራል፤ ይቆያል። በመጨረሻ አንዲት የማታውቋት ኢትዮጵያዊት «ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ነኝ» ትላለች፤ ክፍያ የለውም። እስከዚያ ድረስ ታናሻችሁን ከኳስ ሜዳ አትጥሩት።